የአንድ ኳርተር ክብደት

ጥይት መግዛት ሽንኩርት እንደ መግዛት ይመስለኝ ነበር። ትገባለህ፣ "ጥይት" ትላለህ፣ ይሰጥሃል፣ ከፍለህ ትወጣለህ።

ከሴንት ፖል ወጣ ብሎ ባለ የአደን ዕቃ መደብር ውስጥ፣ ከጫፍ እስከ ጫፍ በጥይት ካርቶን የተሞላ ግድግዳ ፊት ቆሜ ነው ሞኝነቴ የገባኝ። ሻጩ "ለምን ዓይነት እንስሳ?" አለኝ። ለአጋዘን። "በምን ካሊበር?" ወረቀት ላይ የተጻፈልኝን አነበብኩለት፦ .30-06። እፎይ ልል ስል ሦስተኛውን ጥያቄ አመጣ። "ስንት ግሬን?"

ግሬን ምን እንደሆነ አላውቅም ነበር። ሳላውቅ ደግሞ "አላውቅም" ማለት ከበደኝ። ጥቁር ሰው፣ ስደተኛ፣ የጠመንጃ ሱቅ ውስጥ፤ የምታውቅ መምሰል አለብህ። "አንዴ" ብዬ ወደ ጥግ ሄድኩና ስልኬን አውጥቼ ሸዋሮቢት ደወልኩ። አባቴ ወታደር ነበሩ። ስለ ጥይት የማውቀው ሰው እሳቸውን ብቻ ነው።

"አባባ፣ ጥይቱ 150 አለ፣ 165 አለ፣ 180 አለ። የቱን ልውሰድ?"

"ምን ልታደርግበት ነው?"

"አጋዘን ላድን።"

"ታዲያ ጥይት አይደል እንዴ? ጥይት ጥይት ነው!" አሉኝ። ትንሽ አሰቡና "ከባዱን ውሰድ። ከባድ አያሳፍርም" ብለው ጨመሩ።

180ውን ወሰድኩ። ሃያ ፍሬ ነበር በካርቶኑ ውስጥ። ያኔ የገዛሁት ጥይት ብቻ መሰለኝ እንጂ፣ አንድ እንስሳ በምን ያህል ጊዜ ውስጥ እንደምትሞት እየመረጥኩ እንደነበር አልገባኝም።

*

መጀመሪያ ስለ ቃሉ ልናገር። "አጋዘን" እያልኩ የምጽፈው ሌላ ቃል ስለሌለን ነው። እኛ አገር አጋዘን የምንላቸው፣ የባሌው የደጋ አጋዘንም የቆላውም፣ ለበሬና ለፍየል የሚቀርቡ ናቸው። ቀንዳቸው አብሯቸው ያድጋል፣ አብሯቸው ይሞታል። የሚኔሶታው እንስሳ ሌላ ቤተሰብ ነው። ወንዱ ቀንዱን በየዓመቱ በበረዶው ወራት ይጥልና በጸደይ አዲስ ማብቀል ይጀምራል። ከሰሃራ በታች ባለው አፍሪካ በተፈጥሮ የሚኖር የዚህ ቤተሰብ አባል የለም። እዚህ "ነጭ ጭራ" ይሉታል፤ ሲደነግጥ ጭራውን እንደ ባንዲራ ሽቅብ ያቆመዋልና። አባባ ደግሞ ፎቶ ልኬላቸው አይተው "ሚዳቋ ነው" ብለዋል፤ እስከዛሬም ሚዳቋ ነው የሚሉት።

ወደ አደን ያስገባኝ የሥራ ቦታዬ ነው። የትምህርት ቤት አውቶብስ እነዳለሁ። ጋራዡ ውስጥ ዕድሜያቸው ሰባዎቹን ያጋመሰ መካኒክ አሉ። በእንግሊዝኛ አንቱታ ስለሌለ "አንተ" እላቸዋለሁ፤ በልቤ ግን ሁልጊዜ አንቱ ናቸው። አንድ ጠዋት ከምሳ ዕቃቸው የደረቀ የአጋዘን ሥጋ አካፈሉኝ። ቋንጣ! በርበሬ ብቻ ነው የጎደለው። "ከየት ይገዛል?" ብዬ ጠየቅኩ። ሳቁ። አይሸጥም፤ ትሄዳለህ፣ ታመጣለህ።

ከ1979 መጨረሻ በኋላ የተወለደ ሰው ሚኔሶታ ውስጥ በጠመንጃ ለማደን በደንቡ የጦር መሣሪያ ደኅንነት ትምህርት ወስዶ ማስረጃ ሊኖረው ይገባል። ተማርኩ፣ አለፍኩ። ብርቱካናማውን ጃኬት ገዛሁ። ጠመንጃውን ሽማግሌው አዋሱኝ፤ የዛፍ ሰደፍ ያለው አሮጌ .30-06።

ይህን ቁጥር ለአባባ ሳነብላቸው አላወቁትም። በአማርኛ ሳስረዳቸው ግን ድምፃቸው ተቀየረ። .30-06 የአሜሪካ ጦር በ1906 የተቀበለው ጥይት ነው፤ 30 የአረሩ ስፋት፣ 06 ዓመቱ ነው። በኋላ ኤም ዋን የሚባለው ጠመንጃ የሚጎርሰው ይህንኑ ነበር። ቃኘው ሻለቃ ኮሪያ የተዋጋው በኤም ዋን ነው። አባባም በ1966 ዓ.ም. ውትድርና ሲገቡ መጀመሪያ የተሰጣቸው እሱ ነበር።

"ስምንት ጎራሽ!" አሉ እየጮኹ። "ስምንተኛዋን ስትተኩስ ማቀፊያዋ 'ጪንግ' ብላ ትወጣለች። እሷን ነው የምትይዘው?"

እሷን አይደለም፣ ጥይቷን ነው፣ አልኳቸው። ግድ አልሰጣቸውም። ለመጀመሪያ ጊዜ ስለ ሥራ ፈቃድና ስለ ብር ሳይሆን፣ ሁለታችንም ስለምናውቀው ነገር እያወራን ነበር።

*

ሽማግሌው የገዛሁትን ካርቶን ሲያዩ "180? ሙስ ልትገድል ነው?" አሉኝ። ሙስ ግዙፉ የሰሜን አጋዘን ነው። ሳቅ ብዬ አለፍኩት።

የተኩስ ልምምድ ቦታ ሄድን። የመጀመሪያዋን ስተኩስ ጠመንጃው ትከሻዬን እንደ በቅሎ ረገጠኝ። ሁለተኛዋ ባሰች። በሦስተኛዋ ገና ቃታውን ሳልስብ ሰውነቴ ቀድሞ ይሸማቀቃል፣ ዓይኔ ይጨፈናል። ወረቀቱ ላይ ያሉት ቀዳዳዎች የተበታተኑ ነበሩ። "ይበቃል፣ ገብቶኛል" አልኩ። ዓይኔን እንደምጨፍን አልነገርኳቸውም። የወታደር ልጅ ነኝ፤ ምን ብዬ?

የአደኑ መክፈቻ ጥቅምት 27 ቀን 2014 ዓ.ም. ዋለ። እማዬ በስልክ "በመድኃኔዓለም ቀን ደም ልታፈስ?" አለችኝ። መልስ አልነበረኝም።

ከብሬነርድ በስተሰሜን ባለ ጫካ ውስጥ፣ ጨለማ ሳለ፣ ዛፍ ላይ የተሠራ ማማ ላይ ወጣሁ። ሌላ ስም ልሰጠው አልችልም፣ ማማ ነው። በልጅነቴ ማሽላ ስንጠብቅ የምንወጣበት ዓይነት፤ ልዩነቱ ወንጭፍ የለም፣ ወፍ የለም፣ ብርዱ አጥንት ይሰብራል። በኛ አቆጣጠር ከጠዋቱ ሁለት ሰዓት ተኩል ላይ አንዲት እንስት ከዝግባዎቹ መሀል ወጣች። ሰባ ሜትር ብትርቅ ነው። ጎኗን ሰጥታ ቆመች።

የምትፈለገው ቦታ ከፊት እግሯ ጀርባ ነው። ልብና ሳንባ እዚያ አሉ፤ ስፋቱ የሻይ ሰሃን ቢያህል ነው። አነጣጠርኩ። ከዚያ ትከሻዬ ያንን በቅሎ አስታወሰ። ዓይኔ ተጨፈነ። ጠመንጃው ጮኸ።

ስከፍተው አልወደቀችም። ጀርባዋን እንደ ድመት ጎብጣ፣ በቀስታ፣ ወደ ረግረጉ ገባች።

ሽማግሌው መጥተው የጠየቁኝ አንድ ነገር ብቻ ነው። "ስትመታት ጀርባዋ ጎበጠ?"

"አዎ።"

ዝም አሉ። ከዚያ "እንጠብቃለን" አሉ። ወዲያው ከተከተልናት ፈርታ ሩቅ ትሄዳለች፤ ከተውናት ቅርብ ቦታ ትተኛለች። መሬቱ ላይ ያለውን ደም አሳዩኝ። ደሙ ደማቅና አረፋ ያለው ከሆነ ሳንባ ነው፣ ቅርብ ወድቃለች ማለት ነው። ጥቁር ቀይ ከሆነ ጉበት ነው። የኔ ደም ጥቂት ነበር፣ አረንጓዴ ነገር የተቀላቀለበት፣ የሚሸት። ሆድ ዕቃ።

ከስድስት ሰዓት በላይ ጠበቅን። ቴርሞስ ቡና ነበረን፤ ልጠጣው አልቻልኩም። ዘጠኝ ሰዓት አካባቢ አገኘናት። በሕይወት ነበረች። አንገቷን ቀና አደረገች፣ ለመነሳት ሞከረች፣ አልቻለችም። ሽማግሌው ጠመንጃውን ወደ እኔ ገፉት። "ያንተ ሥራ ነው" አሉኝ፤ በቁጣ አይደለም።

ያኛውን ጥይት ዓይኔን ከፍቼ ነው የተኮስኩት።

*

ለእማዬ "ተሳካ" አልኳት። ከሥጋው ብዙው ተበላሽቶ እንደተጣለ አልነገርኳትም። ለአባባ እውነቱን የነገርኳቸው ለገና ስደውል ነው።

ሳያቋርጡ ሰሙኝ። ከዚያ "ጥይቷ ምን ዓይነት ናት?" አሉ። አፍንጫዋ ላይ እርሳሱ ያልተሸፈነ፣ ሥጋ ውስጥ ስትገባ እንደ እንጉዳይ የምትከፈት መሆኗን ነገርኳቸው።

"ዱምዱም?" አሉ በድንጋጤ። "እሱማ ክልክል ነው! ማሠልጠኛ እያለን ተነግሮናል። በየትኛው ሕግ ነው እንዲህ ያለ ነገር ሱቅ ውስጥ የሚሸጡት?"

ከዚያ ቀን በኋላ ስለ ጥይት ማንበብ ጀመርኩ። አባባ ልክ ናቸው። ዱምዱም ካልካታ አጠገብ ያለ የእንግሊዞች የጥይት ፋብሪካ የነበረበት ቦታ ስም ነው። በ1899 ሄግ ላይ መንግሥታት ተሰብስበው፣ ሰው አካል ውስጥ ገብቶ በቀላሉ የሚከፈት ጥይት በጦርነት ላይ እንዳይውል የሚል መግለጫ አወጡ። ጉዳዩ እኛንም ነክቶናል። ጣልያን በ1928 ዓ.ም. ወረራዋ የመርዝ ጋዝ ከሰማይ እያዘነበች፣ ኢትዮጵያውያን ዱምዱም ይተኩሳሉ ብላ ለመንግሥታቱ ማኅበር ትከስ ነበር።

አሁን ደግሞ የሚኔሶታን የአደን ደንብ ክፈቱ። ለአጋዘን የሚተኮስ የጠመንጃ ጥይት አፍንጫው ለስላሳ ወይም የሚከፈት ዓይነት መሆን አለበት ይላል። ወታደሩ የሚይዘው፣ ሙሉ በሙሉ በብረት የተሸፈነው፣ ለአጋዘን አይፈቀድም። ሰው ላይ የተከለከለው እንስሳ ላይ የታዘዘ ነው፤ ሰው ላይ የተፈቀደው እንስሳ ላይ የተከለከለ።

መጀመሪያ ይህ ግፍ መሰለኝ። ሁለት ቀን አብሮኝ ዋለ፤ አውቶብስ እየነዳሁ ሁሉ። ከዚያ የአባባ እግር ትዝ አለኝ።

አባባ በ1970 ዓ.ም. ኦጋዴን ላይ ጭናቸውን ተመትተዋል። ጠባሳው ሁለት ነው፣ ከፊት አንድ፣ ከኋላ አንድ፤ ሁለቱም ከአውራ ጣት አይበልጡም። በልጅነቴ ጣቴን እያስገባሁ እጫወትበት ነበር። ጥይቷ ሳትከፈት ሥጋውን ብቻ በስታ አለፈች። ሁለት ወር ሆስፒታል ተኝተው ወጡ፣ ትንሽ ያነክሳሉ፣ አገቡ፣ እኔን ወለዱ።

የሄጉ ሰዎች ፍላጎት ያ ነበር፦ የቆሰለ ሰው የመዳን ዕድል ይኑረው። ሆስፒታል አለ፣ ሐኪም አለ፣ ቃሬዛ የሚሸከም ጓደኛ አለ። አጋዘን ግን ሆስፒታል የላትም። ሳትከፈት የምታልፍ ጥይት ለአባቴ ሕይወት ነበረች፤ ለአጋዘን ግን ረግረግ ውስጥ የሦስት ቀን ሞት ናት። ለእንስሳዋ ምሕረቱ ፍጥነት ነው።

እና እኔ የሚከፈተውን ጥይት ይዤም፣ ቦታውን ስለሳትኩ፣ ያንን ምሕረት ነፈግኳት።

*

ከዚህ በኋላ ያለው ሒሳብ ነው፣ ግን ታገሱኝ፤ ሒሳቡ ውስጥ ነው ነገሩ ያለው።

በአማርኛ ሁሉንም "ጥይት" ስለምንል እንምታታለን። አንዷ ጥይት አራት ነገር ናት፦ ቀለሁ፣ ከቂጡ ያለችው ማቀጣጠያ፣ ባሩዱ፣ እና ከአፈሙዙ የምትወጣው አረር። "ስንት ግሬን?" ሲባል የሚጠየቀው የአረሯ ክብደት ብቻ ነው። ግሬን ማለት የእህል ፍሬ ማለት ነው፤ አንድ ፓውንድ 7,000 ግሬን ይሆናል፣ አንድ ግራም 15.4 ገደማ። አባባ ይህን ስነግራቸው ከልባቸው ሳቁ፦ "አሜሪካ በገብስ ፍሬ ነው የሚመዝነው?"

በግሬን ማሰብ ሲያቅተኝ በሳንቲም አሰብኩት። የአሜሪካ ኳርተር፣ ሃያ አምስት ሳንቲሙ፣ 5.67 ግራም ይመዝናል። የኔ 180 ግሬን 11.7 ግራም ገደማ ናት፣ ሁለት ኳርተር ማለት ነው። ከአፈሙዝ ስትወጣ በሰከንድ 820 ሜትር ገደማ ትበራለች። በዚያው ጠመንጃ 150 ግሬን ብታደርጉ አረሯ ቀላል ስለሆነች ወደ 880 ሜትር ትደርሳለች፤ ትከሻንም በመጠኑ ታዝናለታለች። ከባድ አረር በጥልቀት ይገባል፣ አጥንት ይሰብራል፤ ለኤልክና ለሙስ ጥሩ ነው። የነጭ ጭራዋ አብዛኛውን ጊዜ ከ60 እስከ 80 ኪሎ ናት፣ ከአንድ ሰው አትበልጥም። የጎድን አጥንቷ ቀጭን ነው። ለእሷ ሁለት ኳርተር ትርፍ ነው። ትርፉን የሚከፍለው ደግሞ የተኳሹ ትከሻ ነው፣ ከዚያም የተኳሹ ዓይን፣ መጨረሻ ላይ እንስሳዋ።

ምርጫው ብዙ ነው። ከ1895 ጀምሮ ያለችው .30-30 በዚህ ጫካ ውስጥ የስንት ቤተሰብ ጓዳ ሞልታለች። 150 ወይም 170 ግሬን ትተኩሳለች፣ ለቅርብ ርቀት። ጥይቶቹ ጠመንጃው ቱቦ ውስጥ አንዱ ከአንዱ ጀርባ ስለሚደረደሩ አፍንጫቸው ጠፍጣፋ ነው፤ ሹል ቢሆን የፊተኛዋን ማቀጣጠያ ሊመታ ይችላል። የ1925ቷ .270 በ130 ግሬን ፈጣን ናት፣ ለሜዳ ትመቻለች። የ1952ቷ .308 ለ.30-06 ታናሽ እህት ናት፤ አጠር ትላለች፣ በ150 ግሬን አጋዘን ላይ ልዩነታቸው አይታይም። ከ2007 ወዲህ ደግሞ ወጣቱ ሁሉ 6.5 ክሪድሞር ይላል፤ 140 ግሬን፣ ረጅምና ቀጭን አረር፣ ነፋስ ብዙ አይገፋትም።

እና ከሁሉም በታች .243 አለች። 1955። ለአጋዘን የተለመደው አረሯ 100 ግሬን ነው። የምትረግጠው የ.30-06ን ግማሽ ያህል ነው።

ሽማግሌው ናቸው ያመጧት፣ የልጅ ልጃቸው የተማረችባትን። ቀጥታ አልሰጡኝም። መጀመሪያ የራሳቸውን .30-06 ይዘው "እኔ አጎርሳለሁ፣ አንተ ተኩስ" አሉኝ። ተኮስኩ። ሁለተኛዋን ስስብ "ጠቅ" አለ እንጂ አልተኮሰም። ሳያሳውቁኝ ባዶውን ነበር የሰጡኝ። አፈሙዙ ግን ምንም ሳይረግጠኝ በራሱ ወደ ታች ተደፋ። ፍርሃቴን በዓይኔ አየሁት። ዞር ብለው አላዩኝም፤ ጓንታቸውን ያስተካክሉ ነበር።

"ከመጀመሪያው ቀን አውቄያለሁ" አሉኝ በኋላ። "መንገር ነበረብኝ። ያቺ እንስት የኔም ጥፋት ናት።"

ከዚያ የልጅቷን .243 ሰጡኝ። አምስት ተኮስኩ። በመቶ ሜትር አምስቱም መዳፌ በሚሸፍነው ቦታ ገቡ።

*

እውነቱን ልንገራችሁ፣ አልተደሰትኩም። አፈርኩ።

እኛ ቤት ጠመንጃ ማለት ትልቅ ነገር ነው። ሰርግ ላይ የሚፎክሩትን እያየሁ ነው ያደግሁት። አንበሳና ዝሆን የገደለ ሰው ስሙ በ"ገዳይ" የሚጠራበት ባህል ነው፤ የልጅ ጠመንጃ ይዤ ሚዳቋ ገደልኩ ብሎ ማን ይፎክራል? የሥራ ባልደረቦቼም አልማሩኝም። ".243? ለሴት ልጅህ ነው?" አለኝ አንዱ።

ሴት ልጅ አልነበረችኝም ያኔ። ባለቤቴ ግን አርግዛ ነበር። እና እሷ ናት፣ ጠመንጃ ነክታ የማታውቀዋ፣ የመጨረሻውን ጥያቄ የጠየቀችው። "አረሩ እርሳስ ነው አይደል? ሥጋው ውስጥ አይቀርም?"

ይቀራል። በ2008 ሰሜን ዳኮታ ውስጥ አዳኞች ለድሆች በለገሱት የአጋዘን ሥጋ ውስጥ የእርሳስ ፍንጣሪ ተገኝቶ፣ ሥጋው እንዳይበላ ተብሏል። በዚያው ዓመት የሚኔሶታ የተፈጥሮ ሀብት መሥሪያ ቤት የበግ በድን ላይ እየተኮሰ ፈተነ፤ በፍጥነት የሚከፈተው የእርሳስ አረር ፍንጣሪው ከቁስሉ ርቆ ይበተናል፣ ደቃቁ በዓይን አይታይም። እርሳስ ደግሞ ከሁሉ በላይ ፅንስና ሕፃን ይጎዳል።

መልሱ መዳብ ነበር። ሙሉ በሙሉ ከመዳብ የሚሠራ አረር አለ። ይከፈታል፣ ግን እምብዛም አይበታተንም፣ ክብደቱን ይዞ ይገባል። ስለዚህ በእርሳስ 100 ግሬን የሚፈልግ ሰው በመዳብ ወደ 85 ወይም 80 መውረድ ይችላል። ዋጋው ይወደዳል። ለመከፈትም ፍጥነት ይፈልጋል፣ ስለዚህ ርቀት ላይ መጠንቀቅ ያሻል። እኔ ግን ከዛፍ ላይ ሆኜ ከመቶ ሜትር በላይ የማየው ነገር የለም።

ያንኑ መደብር ተመልሼ ገባሁ። ያንኑ ግድግዳ። ሻጩ ሌላ ልጅ ነበር። "ስንት ግሬን?" አለ።

"ሰማንያ አምስት። መዳብ።"

5.5 ግራም። አንድ ኳርተር።

ያገለገለች .243ም ገዛሁ። በጋውን ሙሉ፣ ቅዳሜ ቅዳሜ፣ በርካሹ ጥይት ተለማመድኩ፤ አደኑ ሲቃረብ በመዳቡ ማነጣጠሪያዬን አስተካከልኩ። ለራሴም ሕግ አወጣሁ፦ ከመቶ ሜትር አላልፍም። ጎኗን ካልሰጠችኝ አልተኩስም። እየሄደች አልተኩስም። ከተጠራጠርኩ አልተኩስም። ቀላል ጥይት የመረጠ ሰው የሚከፍለው ይህንን ነው፤ ለችኮላ ቦታ የለውም። ግን እኮ ከባዱም አልነበረውም፤ እኔ ነኝ ያለው የመሰለኝ።

*

ጥቅምት 26 ቀን 2015 ዓ.ም. ያው ማማ፣ ያው ብርድ።

መጀመሪያ የመጣው ወንድ ነበር፣ ቀንዱ የሚያምር፣ ፊቱን ወደ እኔ አዙሮ። ደረቱ ብቻ ይታያል። አልተኮስኩም። ሄደ። እጄ ይንቀጠቀጥ ነበር። ከሰዓት በኋላ ሌላ መጣ፣ ትንሽ፣ ባለ ሁለት ቅርንጫፍ። ስልሳ ሜትር ላይ ጎኑን ሰጥቶ ቆሞ ሳር ቀነጠሰ።

"በስመ አብ ወወልድ ወመንፈስ ቅዱስ" አልኩ በሹክሹክታ። ቃታውን ሳብኩ። ዓይኔ ክፍት ነበር፤ ሲመታ አየሁት። ዘለለ፣ አርባ እርምጃ ያህል ሮጠ፣ ወደቀ። ወርጄ እስክደርስ ምንም አልነበረም። በቅጠሉ ላይ ያለው ደም ደማቅ ነበር፣ አረፋ ያለው።

ሽማግሌው መጡ፣ አዩ፣ ባርኔጣቸውን አነሱና መልሰው አደረጉ። ሌላ ነገር አላሉም።

ቆዳውን ስንገፍ በወዲያኛው ጎን፣ ከቆዳው ሥር፣ አረሯን አገኘናት። አራት ቅጠል አውጥታ ተከፍታለች። ቤት ስገባ አጥቤ በቡና ሚዛናችን ላይ አስቀመጥኳት፦ 5.4 ግራም። ከጎኗ ኳርተር አደረግኩ።

በማግሥቱ በቪዲዮ ደወልኩ። እማዬ ቀደመች። "ሳይታረድ ነው የምትበሉት?" አለች። ባርኬ እንደተኮስኩ ነገርኳት። አሰበችበት። "እንግዲህ እሱ ያውቃል። እኔ ግን አፌ ላይ አላደርገውም" ብላ ስልኩን ለአባባ ሰጠቻቸው።

አረሯን ካሜራው ላይ አስጠግቼ አሳየኋቸው፣ ሳይከፈት የቀረ ሌላም ከጎኗ። ስለ መዳቡ፣ ስለ ግሬኑ፣ ስለ ሄግ፣ ለምን እዚህ የሚከፈተው ግዴታ እንደሆነ፣ "ጥይት ጥይት ነው" ባሉኝ ቀን መመለስ የነበረብኝን ሁሉ ነገርኳቸው። መነጽራቸውን አድርገው ለረጅም ጊዜ አዩ። ሌላኛው እጃቸው ጭናቸው ላይ ነበር። ሁልጊዜ ሲቀመጡ እዚያ ነው የሚያሳርፉት፤ ልብ ያልኩት ግን ያን ቀን ነው።

"ይህቺ ብታገኘኝ ኖሮ" አሉ፣ "አንተም የለህም።"

ሁለታችንም ዝም አልን። ከኋላቸው ዶሮ ይጮሃል።

"ሳይሰቃይ ነው የሞተው?" አሉኝ።

"አርባ እርምጃ ነው የሮጠው አባባ።"

"ጎሽ" አሉ። ከዚያ መነጽራቸውን አወለቁና፣ "ሥጋውስ እንዴት ነው?"

ጮማ የለውም፣ አልኳቸው። ቅቤ ብዙ ይፈልጋል፣ ቶሎ ከምድጃ መውረድ አለበት፣ በጥብስ ቅጠልና በቃሪያ ሲሆን ከበሬ አይለይም። ቀሪውን ፍሪዘር ውስጥ አድርገነዋል። ጾመ ነቢያት ሊገባ ነው፤ ለገና እንበላዋለን።